ባባ በተራ

ሰው ሥራ ሲያጣ እኔ አይስክሬም እበላ ነበር። ሥራ ሲትረፈረፍ ደግሞ ከንፈሬ ደርቆ መስኮት ላይ ተንጠልጥዬ እውላለሁ። ይህን የደረስኩበት ገና የፊት ጥርሶቼ ወላልቀው ሳያልቁ፣ ሪያድ፣ መንሱራ ሰፈር ነው። ዛሬም እዚያው ሪያድ ነኝ፤ ስለ ሥራና ስለ ሥራ አጥነት ሪፖርት በሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። የሚወጣና የሚወርድ መስመር እንስላለን፣ ቀለም እንቀባዋለን፣ ለአለቆች እናሳያለን። ሥራ ያገኘው ሰው በዝቶ መስመሩ ሽቅብ ሲወጣ አዳራሹ ያጨበጭባል። እኔም አጨበጭባለሁ። ምላሴ ግን ቂመኛ ነው፤ መስመሩ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ይደርቃል።

የምንኖረው ደረጃው በተሸራረፈ አሮጌ ፎቅ መሀለኛው ቤት ነበር። አባቴ ይመር፣ ዑረይጃ የሚባል ሰፈር ያሉ አንድ ደህና ቤተሰብ ዘንድ ሹፌር ነው። እናቴ ፋይዛ እቤት ቁጭ ብላ የሰፈሩን ሴቶች ልብስ ትሰፋለች። ከእኛ በላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ ከውኃ ታንከሩ ሥር በተለጠፈችው ክፍል ሁለት ላጤዎች ይኖራሉ። አንዱ ሰማው ነው፤ የጎጃም ሰው፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀለም ቀቢ። የጣቱ ጥፍሮች ሁሌም የሆነ ቀለም አላቸው፤ የት ሲሠራ እንደከረመ ከጥፍሩ ይታወቃል። ሌላው ሙሐመድኑር ነው፤ የባቲ ልጅ፣ አጭር፣ ሳቂታ፣ ሴራሚክ አንጣፊ።

ሥራ ሲኖር የኮንትራክተሩ ፒክአፕ ከበራችን ድረስ መጥቶ ይጭናቸዋል። እዚያው ግንባታው ቦታ ይሠራሉ፣ እዚያው ያድራሉ፤ ድምፃቸው ይጠፋል። ሥራ ሲጠፋ ግን ጣሪያው ላይ ሲንጎራደዱ ኮቴያቸው ከራሳችን በላይ ይሰማል። ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ፊታቸውን ታጥበው፣ ፀጉራቸውን አርጥበው ይወርዱና በራችንን ይቆረቁራሉ።

«ፋይዛ እህቴ፣ ልጅቷ አለች?»

እኔ ነኝ ልጅቷ። ኢልሃም።

«ዛሬ የእኔ ተራ ነው» ይላል ሙሐመድኑር።

«ማን ነገረህ! ትናንት ይዘሃት ወጥተህ የለም እንዴ?» ይላል ሰማው።

«ትናንትማ ድልድዩ ጋ ሳንደርስ ተመለስን። እሱም ይቆጠራል ወላሂ?»

«ይቆጠራል! አባትነት በተራ ነው ወንድሜ። ያላ፣ ወደ ጣሪያህ!»

እናቴ መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ ትዳኛቸዋለች። ከዚያ ቀዩን ቀሚሴን ታለብሰኛለች፣ ጭንቅላቴ ላይ ጭንቅላቴን የሚያህል ሪባን ታስራለች። ውበት ይመስለኝ ነበር። ሪባኑ ከወታደሮች መኪና ውስጥ፣ ከመንገዱ ማዶ እንዲታይ ተብሎ የተሰፋ መሆኑን ያወቅሁት ራሴ መኪና መንዳት ከጀመርኩ በኋላ ነው።

«መንገድ ላይ ማን ትይዋለሽ?»

«ባባ።»

«ወታደር ካየሽስ?»

«ባባ፣ ባባ!»

«ጎበዝ የኔ ልጅ።»

እቤት ውስጥ አባቴን የምጠራው አባዬ ብዬ ነው። ባባ የመንገድ ቃል ነበር፤ እንደ ጫማ በር ላይ የሚጠለቅ። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ እናቴን ጠየቅኋት። ስፌቱን ሳታቆም መለሰችልኝ።

«ልጅ የላቸዋ! ልጅ የሌለው ሰው ይከፋዋል። ፊቱ የከፋውን ሰው ደግሞ ማን ይቀጥረዋል? ባባ ስትያቸው ፊታቸው ይፈታል።»

አመንኳት። እንዲያውም ዓለም ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ሰው ሥራ የሚያጣው ልጅ ስለሌለው ነው፤ አባቴ ሥራ ያለው እኔ ስላለሁ ነው፤ የጣሪያዎቹ ሰዎች ሥራ የሚያገኙት እኔ በደንብ ባባ ስላልኳቸው ነው። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ሥራ አጥነት ብዙ ንድፈ ሐሳብ ተምሬያለሁ። ከእናቴ የባሱም አጋጥመውኛል።

መንገዳችን ሁልጊዜ አንድ ነው። እጄን ይዘው ወደ ዋናው መንገድ፣ ከዚያ በድልድዩ ሥር ወደ ማዶ። ማዶ የቀለምና የሲሚንቶ ሱቆች ተደርድረዋል፤ ኮንትራክተሮች የሚመጡት እዚያ ነው። ሰዎች መጥረጊያ የመሰለ የቀለም ሮለር፣ የግንበኛ ማንኪያ፣ መዶሻ አንግተው ይቆማሉ፤ ማን ምን እንደሚችል በእጁ ከያዘው ይታወቃል። የእኔ አባቶች በአንድ እጃቸው ሮለር ወይም ማንኪያ፣ በሌላው እኔን ይይዛሉ። ሥራ ተገኘም አልተገኘ፣ ስንመለስ ከየመናዊው በቃላ፣ ከጥጉ ሱቅ፣ አይስክሬም ይገዛልኛል።

ድልድዩ ሥር የወታደሮች መኪና ይቆማል። ያለ ልጅ የሚሄድ ሰው ሁሉ ይጠራል፤ «ኢቃማ!» ይባላል፤ የመኖሪያ ፈቃድህን አሳይ ነው። ልጅ ይዞ ያለፈ ግን ባለቤተሰብ ነው፤ ባለቤተሰብ አይጠየቅም፤ እጅ ይወዛወዝለታል። ዛሬ ሲገባኝ፣ እኔ ዕድሳት የማልፈልግ፣ ሪባን የታሰረልኝ፣ በአይስክሬም የምሠራ ኢቃማ ነበርኩ። ያኔ ግን ኢቃማ የጥርስ ዓይነት ይመስለኝ ነበር። ትልልቆቹ ሲያወሩ «እገሌ ኢቃማ አወጣ፣ የእገሌ ወደቀ፣ እገሌ ገና አላወጣም» ይላሉ። እኔም ከፊት ክፍት ነበርኩና በጣም አዘንኩላቸው።

በጥር ላይ ሥራ ድርቅ አለ። ጣሪያው ላይ ኮቴ በዛ፤ እኔ በየቀኑ አይስክሬም በላሁ። አንድ ቀን አባቴ የአሠሪዎቹን ልጆች ይዞ በድልድዩ ሥር ሲነዳ ቀይ ቀሚስ አየ። ማታ ቤት ሲገባ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ልጄን ታርጋ አደረጋችኋት!»

«ቀስ በል፣ ትሰማለች» አለች እናቴ።

«ትስማ! ልጅ ናት ወይስ ታርጋ? ዛሬ አንዱ ይለጥፋታል፣ ነገ ሌላው! አንድ ቀን ቢይዟቸው፣ ይቺን ልጅ የት ነው የሚወስዷት?»

«እና ዝም ብዬ ይያዙ? የሰማውን ታውቃለህ፤ ከፊሉ ኢቃማውን አላድስም ብሎት ነው እንጂ ወዶ ነው?»

ከፊል ማለት ሰውን በስሙ ያስመዘገበ አሠሪ ነው። ከፊልህ እጁን ከሰበሰበ አንተ የለህም፤ ከተያዝክ ተርሒል ነው፣ በአውሮፕላን ወደ አገርህ።

«ኸላስ!» አለ አባቴ። «ከእንግዲህ ከዚህ በር አትወጣም።»

እኔ ታርጋ የሚለው ላይ ቀረሁ። ታርጋ መኪና ላይ ከሁሉም ነገር ይበልጥ የሚያብረቀርቀው ነው። አባቴ እንዲህ አሞግሶኝ አያውቅም ነበር።

በማግስቱ፣ አባቴ ሥራ ላይ እያለ፣ ሰማው ወረደ። ዛሬ አልተጣላም፣ አልቀለደም። የእንግዳ ሸሚዙን ለብሷል፤ ጥፍሩን በጋዝ ፈትጎት ቀልቷል። በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ።

«ፋይዛ እህቴ፣ ይመር ያለውን ሰምቻለሁ። እውነቱን ነው።»

«ታዲያ?»

«አንድ ሽማግሌ አለ። ባለፈው ግድግዳውን የቀባሁለት። ሕንፃ እያሠራ ነው፣ ጠባቂ ይፈልጋል። ከፊልነቱን ወደ እኔ አዞረዋለሁ፣ ኢቃማህን አሳድሳለሁ ብሎኛል። ዛሬ ከዐስር በኋላ ቀለም ቤቱ ጋ ጠብቀኝ አለ። ካልመጣህ ሌላ ሰው አለ፣ አለ።»

እናቴ ስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ሙሐመድኑርስ ምን አለ?»

«ተራዬን ወስደሃል፣ ግን ሂድ አለኝ።» ሰማው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «የዛሬን ብቻ። ከዚህ በኋላ በርሽን አላንኳኳም።»

እናቴ ቀዩን ቀሚስ ከምስማሩ አወረደች። ሪባኑን ስታስርልኝ ሁለቴ ፈታ አሰረችው።

ድልድዩ ሥር አንድ ወታደር ብቻውን ከመኪናው ወጥቶ ቆሟል። ወጣት ነው፣ ፂሙ በደንብ አልሞላም። አወቅሁት፤ በቀደም ከሙሐመድኑር ጋር ስናልፍ እጁን ያወዛወዘልን እሱ ነው። እኔም አሁን እጄን አወዛወዝኩለት። ሰው ሰላም ማለት ምን ክፋት አለው?

ወታደሩ እኔን አየ፣ ሰማውን አየ፣ እንደገና እኔን። በጣቱ ጠራን።

የሰማው እጅ በእጄ ውስጥ ውኃ በውኃ ሆነ። ሙቀቱ ነው ብዬ አዘንኩለት። ወሩ ጥር ነበር፤ እናቴ ከቀሚሴ በላይ ሹራብ ደርባልኛለች።

«ቢንት፣ ስምሽ ማነው?» አለኝ ወታደሩ በዐረብኛ።

«ኢልሃም።»

«ይሄ ማነው?»

«ባባ፣ ባባ!» አልኩ፤ ወታደር ሲኖር ሁለት ጊዜ ነው።

«በቀደም ከሌላ ሰው ጋር አላየሁሽም? አጭር ሰው?»

«እሱም ባባ ነው።»

ወታደሩ ቆብ የሸፈነውን ግንባሩን አከከ። «ስንት ባባ ነው ያለሽ?»

ቀላል ጥያቄ ነበር። «ሥራ ሲኖር አንድ» አልኩት። «ሥራ ሲጠፋ ሦስት።»

ሰማው እጄን አጥብቆ ያዘ፣ ወዲያው ደግሞ እንደሚለቀኝ ሁሉ ላላ አደረገው። ዛሬ ሳስበው፣ ሮጬ ላምልጥ ወይስ ልጅቷን የትም አልጥላት በሚለው መሀል ቆሞ ነበር። ያልሮጠው ለዚህ ይመስለኛል፤ እኔ ያን መንገድ ብቻዬን ተሻግሬው አላውቅም።

እኔ ግን የማየው ወታደሩን ነበር። ፊቱ ከፍቶታል። ይህን ፊት አውቀዋለሁ፤ ሥራዬ ነው።

«አንተስ ልጅ የለህም?» አልኩት።

«አለችኝ» አለ፣ ሳያስበው።

«የታለች?»

«አብሃ። ከእናቷ ጋር።» አብሃ ሩቅ ነው፣ ተራራ ላይ፤ አባቴ ነግሮኛል።

«እዚህ ታዲያ ባባ የሚልህ የለም?»

«የለም።»

«ከፈለግህ እኔ እልሃለሁ። ሪባን ሳደርግ ነው የምለው።»

ወታደሩ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። መኪኖች ያልፋሉ፤ የማንንም መኪና እያየ አይመስልም። ከዚያ ሰማውን በአገጩ ወደ ማዶ አመለከተው።

«ያላ። ልጅቷን ከነፋሱ ውሰዳት።»

ትንሽ እንደሄድን ዞር ብዬ፣ ቃሌን መጠበቅ አለብኝና፣ «ማዓ ሰላማ፣ ባባ!» አልኩት ጮክ ብዬ።

ቀለም ቤቱ ጋ ነጭ ፂም ያለው ሽማግሌ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ከሰማው ጋር ተነጋገሩ፤ እኔ የቀለም ክዳኖች ሳይ ቆየሁ። ስንመለስ፣ በቃላው ጋ፣ ሰማው አይስክሬሙን ገዛልኝ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ ፊቱን በእጅጌው ሞዠቀው። አቧራ ገብቶበት ነው አለኝ።

እራት ላይ ምሥራቹን ለአባቴ ነገርኩት።

«አባዬ፣ ዛሬ አራተኛ ባባ አገኘሁ። ወታደር ነው!»

የአባቴ እጅ ከሩዙ ሳህን ላይ እንደተነሳ በአየር ላይ ቀረ። እናቴ አቀርቅራ ጨው የለውም እንዴ አለች። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም፤ ወደ ውስጥ ተላክሁ። ቀዩ ቀሚስ ግን ከምስማሩ ወርዶ ሻንጣ ገባ፤ ቁልፉ አባቴ ኪስ ውስጥ።

ሰማው በሦስተኛው ቀን ጓዙን ይዞ ወጣ። አላቀፈኝም፤ እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ወታደሩን ባባ ስላልኩት ቀንቶ ተቆጥቶኝ ነው ብዬ ብዙ አለቀስኩ። ብዙም ሳይቆይ ሙሐመድኑርም ጠፋ። እናቱ ናፍቃው አገሩ ገባ አሉኝ። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ስፌት መኪናዋን እየዘወረች ነበር፤ መኪናው ላይ ግን ጨርቅ አልነበረም። በኋላ፣ ካደግሁ በኋላ፣ የጠፋ ዕለት በድልድዩ ሥር ያለ ልጅ፣ ብቻውን እንዳለፈ ሰማሁ። የሴራሚክ ማንኪያው ጣሪያው ላይ ቀርቶ፣ እኔ አሸዋ እጫወትበት ነበር።

ጣሪያው ፀጥ አለ። አይስክሬም የለም፤ ባባ የምለው የለም። እንደ ንድፈ ሐሳቤ ከሆነ አገሩ ሁሉ ሥራ አግኝቷል።

ሙቀቱ ሲመለስ፣ አንድ ጁምዓ ከሰዓት፣ በሩ ተቆረቆረ። ሰማው ነው። ሸሚዙ በብረት የተተኮሰ፣ ጫማው አዲስ። አባቴን ሰላም ሳይል በፊት፣

«አወጣሁ!» አለ።

እኔ አፉን አየሁ። ጥርሶቹ ድሮም ሙሉ ነበሩ። እሱ ግን ከደረት ኪሱ ቡናማ ደብተር መዘዘ። የአባቴ አረንጓዴ ነው፤ ለምን የሰማው ቡናማ እንደሆነ አልጠየቅሁም። በዚያን ጊዜ የሙስሊሙ አረንጓዴ፣ የሌላው ቡናማ ነበር።

አባቴ ተቀብሎ ገለጠው፣ መረመረው፣ «ማብሩክ» አለ። ተቃቀፉ። እናቴ እልል ልትል አፏን በሻሿ ያዘች፤ ጎረቤቱ የጁምዓ እንቅልፉን ተኝቷል። ሻይ መጣ። ሰማው ሻዩን አልጨረሰም፤ ብርጭቆውን በመዳፉ ያዞረዋል።

«ይመር ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጅቷን ላውጣት?»

የአባቴ ፊት ተለወጠ። «አሁን ደግሞ ምን ልታደርግባት? ኢቃማ አለህ አይደል?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ለምንህ ነው?»

«አይስክሬም ልገዛላት ነው» አለ ሰማው።

አባቴ ኪሱን ዳሰሰ፣ የሻንጣውን ቁልፍ አወጣ፣ ለእናቴ ዘረጋላት።

«ቀዩን አልብሻት» አለ።

ድልድዩ ሥር ያው ወታደር ነበር። ሰማው ከሩቅ አየውና ትከሻውን ቀና አደረገ፤ ኢቃማውን ከኪሱ አውጥቶ በእጁ ያዘ። እርምጃውን አዘገየ። ወታደሩ እኔን ሲያይ ፈገግ አለ፣ «አህለን ቢንቲ!» ብሎ ጉንጬን ነካ አደረገኝ፣ እጁንም አወዛወዘልን። እለፉ ነው። ሰማው ቆመ፤ ደብተሩን እንደ ማራገቢያ እያሳየ ትንሽ ቆየ። ወታደሩ እንደገና እጁን አወዛወዘ። ባለቤተሰብ አይጠየቅም።

ሰማው ሄድ ብሎ ቆም፣ ሄድ ብሎ ቆም እያለ በቃላው ደፍ ላይ አስቀመጠኝ።

«ኢልሃምዬ፣ እዚህ ጠብቂኝ። እንዳትንቀሳቀሺ። መጣሁ።»

«የት ትሄዳለህ?»

«ብቻዬን ልለፍ።»

የማትፈለግ ሆንኩ ማለት ነው ብዬ አኮረፍኩ። ሰማው በመጣንበት ተመልሶ በሌላኛው ጠርዝ ዞረ፣ እጆቹን ኪሱ ከቶ፣ ከእኔ ጋር ሄዶ በማያውቀው ዝግታ፣ በወታደሩ ፊት አለፈ። ወታደሩ መጀመሪያ ግራ ገባው። ቀጥሎ የገባው መሰለኝ። ቀበቶውን አስተካከለ፣ ድምፁን አጎረነነ፤ እኔ ጋ ድረስ ተሰማኝ።

«ሰዲቅ! ኢቃማ!»

ሰማው ኢቃማውን በሁለት እጁ ሰጠው። ወታደሩ ገለጠው፤ አነበበው፤ ገልብጦ አነበበው፤ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያየው። አንዴ ቀና ብሎ ወደ ደፉ፣ ወደ ሪባኔ ተመለከተ። ቡናማ ደብተር፣ ኢልሃም የምትባል ልጅ፤ ሒሳቡ ከባድ አልነበረም። ደብተሩን አጥፎ በሁለት እጁ መለሰለት፤ ከዚያም እጁን ዘርግቶ ጨበጠው።

ሰማው እየሮጠ መጣ።

«ጠየቀኝ! አየሽ? ጠየቀኝ እኮ!»

ሁለት አይስክሬም ገዛ። አንዱን ለእኔ ሰጠኝ፣ አንዱን ያዘ። ደፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ የእኔን አጋመስኩ፤ የእሱ ግን ሳይነካ መቅለጥ ጀመረ፤ በጣቶቹ መሀል ወርዶ ወደ አንጓው ይንጠባጠባል። ቡናማውን ደብተር እንዳይነካው በሌላው እጁ ራቅ አድርጎታል።

«ለምን አትበላም?»

«የእኔ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የጽጌ።»

«ጽጌ ማናት?»

«ልጄ ናት። አገር ቤት ነች። እንደ አንቺ የፊት ጥርሷ ወልቋል አሉኝ።»

መላሴን አቆምኩ። ያ ሁሉ ባባ፣ ያ ሁሉ ሪባን!

«ልጅ ካለህ ታዲያ ለምን ሥራ አጣህ?»

ሰማው ሳቀ፤ ትከሻው እስኪርገፈገፍ ሳቀ፤ መሳቁን ሲያቆም ዓይኑ ርሶ ነበር። በእኛ መሥሪያ ቤት ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መስመር እስካሁን አልሳልንም።

አይስክሬሙ ሊወድቅ ዘመመ። ሰማው አየው፣ ወደ መንገዱ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋው።

«ብዪላት» አለኝ።

በላሁላት።